ከውድድሩ በፊት ትራኩን ማሳየት፦ የአራት ትራኮች የሥራ ማስታወሻ

ሰኞ፣ መነሻ

በኮምፒውተር፣ በኢንተርኔት ተገናኝተን የምንወዳደርበት የመኪና ውድድር ሊጋችን ሁለተኛ አጋማሽ ሊጀምር ነው። አራት ውድድር ቀርቶናል፦ ዛንድቮርት፣ ስፓ፣ ሱዙካ እና ባተርስት። ሃያ አራት ተወዳዳሪዎች ነን፤ ሁላችንም የምንነዳው የጂቲ3 መኪና (ለውድድር የተዘጋጀ የስፖርት መኪና) ነው። ውድድሩ በየሁለት ሳምንቱ እሑድ ማታ ለአንድ ሰዓት ይካሄዳል። ለእያንዳንዱ ትራክ ቅድመ ዕይታ የማዘጋጀቱን ሥራ እኔ ተቀብያለሁ። አንድ ገጽ ጽሑፍ፣ በተጨማሪም ድምፅ ያለበት የአንድ ዙር ቪዲዮ። የጋራ ልምምዱ ዓርብ ስለሆነ ሐሙስ ማታ ለሁሉም መድረስ አለበት።

ሥራውን ጠይቄ ነው የወሰድኩት። በመጀመሪያው አጋማሽ ብዙ ሰው ትራኩን ሳያውቀው እየገባ ሲቸገር አይቻለሁ። ሁሉም በሳምንት አሥር ሰዓት የመለማመድ ዕድል የለውም። ሥራ የሚበዛበት አለ፤ ልጅ የሚያሳድግ አለ። ሁለት ሰዓት ብቻ ያለው ሰው ሁለቱ ሰዓት በከንቱ እንዳያልፉበት እፈልጋለሁ።

ረቡዕ፣ ዛንድቮርት

ዛሬ አርባ ዙር ያህል ነዳሁ። ዛንድቮርት ኔዘርላንድ ውስጥ፣ በሰሜን ባሕር ዳርቻ፣ በአሸዋ ኮረብታዎች መካከል የተሠራ ትራክ ነው። የተከፈተው በ1948 ነው (እዚህ የምጽፋቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ርዝመቱ 4.259 ኪሎ ሜትር፣ ኩርባዎቹ 14 ናቸው። ፎርሙላ 1 ከ1985 በኋላ ሳይሄድበት ቆይቶ በ2021 ተመለሰ። ለዚያ ሲባል ሁለት ኩርባዎች፣ ሦስተኛውና የመጨረሻው፣ ወደ ውስጥ እንዲያዘነብሉ ተደርገው እንደ አዲስ ተሠሩ።

ሦስተኛው ኩርባ ሁገንሆልትስ ይባላል። እንደለመድኩት ውስጠኛውን ጠርዝ ይዤ ገባሁ። መኪናዋ መውጫው ላይ ተንሸራታ ፍጥነቷ ሞተ። ደጋግሜ ሞከርኩ፤ ያው ነው። የገባኝ ወደ ላይ፣ ወደ ውጨኛው ጠርዝ ተጠግቼ ስዞር ነው። ዝንባሌው ወደ ላይ በወጣህ ቁጥር ይጨምራል። ስለዚህ ከፍ ባለው በኩል መንገዱ ራሱ መኪናዋን ደግፎ ይይዛታል። የምትሄደው ርቀት ትንሽ ይረዝማል፤ ፍጥነትህ ግን አይወርድም። ለዚህ አንድ ኩርባ ሙሉ አንቀጽ ሰጠሁት።

ሌላው የሚያስፈራው ስኬይቭላክ ነው። ከኮረብታ ጫፍ ላይ ወደ ቀኝ ቁልቁል የሚወርድ ፈጣን ኩርባ ነው። ስትገባ መውጫውን አታየውም። አምነህ ነው የምትገባው።

ለመጀመሪያው ኩርባ፣ ለታርዛን፣ የጻፍኩት አጭር ነው (ሰሌዳ የምለው ወደ ኩርባው የቀረውን ርቀት የሚያሳየውን የመንገድ ዳር ምልክት ነው)፦ “100 ሜትሩ ሰሌዳ ላይ ፍሬን ያዙ፤ ኩርባው ሰፊ ነው፤ ለመቅደም ይመቻል።” ቪዲዮውን በጣም ፈጣኗ ዙሬ ላይ ሠራሁት። ሐሙስ ማታ ላክሁ። ብዙ ሰው አመሰገነ። እኔም ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

እሑድ ሌሊት፣ ከዛንድቮርት ውድድር በኋላ

ከፍቶኛል። ገና በመጀመሪያው ኩርባ፣ ታርዛን ላይ፣ ሰባት መኪና ተጋጨ። ሦስቱ ከውድድሩ ወጡ። ከሦስቱ አንዷ ለዚህ ቀን ሁለት ሳምንት ሙሉ ስትዘጋጅ የቆየች አዲስ ተወዳዳሪ ናት።

ጥፋተኛ ፍለጋ ውስጥ አልገባሁም። ሪፕሌዩን (የውድድሩን ቅጂ) ከፍቼ በየተራ ከሰባቱም መኪና ውስጥ ሆኜ አየሁት። ከሰባቱ አምስቱ ፍሬን የያዙት 100 ሜትሩ ሰሌዳ አካባቢ ነው። ልክ እኔ እንደጻፍኩት።

ያ ሰሌዳ ለእኔ ትክክል ነበር። እኔ ግን የነዳሁት ብቻዬን ነው። ጎማው ሞቋል። ነዳጁ ሃያ ሊትር ብቻ ነው። ከፊቴ ማንም የለም። ውድድር ሲጀመር ግን ጎማውም ፍሬኑም ቀዝቃዛ ነው፤ ነዳጁ ደግሞ ሙሉ ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ወደ 750 ግራም ይመዝናል። መቶ ሊትር ጫንክ ማለት አንድ ትልቅ ሰው አጠገብህ አስቀመጥክ ማለት ነው። እርግጥ ከመነሻው ስትመጣ ፍጥነትህ ከሌላው ዙር ያንሳል። እሱ ያካክሰዋል ብዬ ነበር። አላካካሰውም።

አዲሷ ተወዳዳሪ በጽሑፍ የላከችልኝን እዚህ ላስቀምጠው፦ “ሰሌዳውን ለማየት እየሞከርኩ ነበር። ግን ከፊቴም ከጎኔም መኪና ነበር። የታየኝ ካለፍኩት በኋላ ነው።”

ይህን አንብቤ ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ሃያ አራት መኪና ተጠጋግቶ ሲመጣ ሰሌዳ አይታይም። እኔ ለሰው የሰጠሁት ምልክት በሚያስፈልግበት ሰዓት የሚሰወር ምልክት ነው።

ማክሰኞ

አሠራሬን ልቀይር ነው። ከእንግዲህ እያንዳንዱን ትራክ ሦስት ጊዜ እነዳለሁ። አንደኛ ብቻዬን፣ መንገዱን ለማወቅ። ሁለተኛ በቀዝቃዛ ጎማና በሙሉ ነዳጅ፣ አንድ ዙር ብቻ፤ ከዚያ እንደገና ከመነሻው፣ እንደገና። ሦስተኛ ከሌሎች ጋር፣ ተጠጋግተን። ለዚህ ሦስት ጓደኞቼ እሺ ብለውኛል። አራተኛዋ አዲሷ ተወዳዳሪ ናት። “እኔ ረቂቁን ላንብበው። ያልገባኝን እነግርሃለሁ” አለች። ከዚህ የተሻለ እርዳታ አላገኝም። እኛ ዓመታት የነዳን ሰዎች ትራኩን ስለለመድነው ምን እንደሚያስቸግር እንረሳዋለን።

ምልክቶቹም ይቀየራሉ። ሰሌዳ ብቻ አልጽፍም። ከመኪና ጣሪያ በላይ የሚታይ ነገር፣ ወይም ከጎን በኩል የሚታይ የከርብ (ቀለም የተቀባው የመንገዱ ጠርዝ) መነሻ፣ ወይም በጆሮ የሚለይ ነገር እፈልጋለሁ። ለምሳሌ ማርሽ ስትቀይር የሚሰማው ድምፅ። ጆሮን ማንም አይከልለውም።

ቅዳሜ፣ ስፓ፣ የመጀመሪያ ቀን

ስፓ ፍራንኮርሻምፕን እወደዋለሁ። ቤልጂየም ውስጥ፣ በአርደን ጫካ መሐል ነው። 7.004 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። በፎርሙላ 1 መርሐ ግብር ውስጥ ከዚህ የሚረዝም ትራክ የለም። ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ቦታ መቶ ሜትር ያህል ልዩነት አለ። ድሮ በሕዝብ መንገዶች ላይ የሚዞር፣ የአሁኑን እጥፍ ያህል የሚሆን ትራክ ነበር። ወደ ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ያጠረው በ1979 ነው።

ብቻዬን ሃያ አምስት ዙር። ላ ሱርስ፣ ቁልቁለቱ፣ ኦ ሩዥ፣ ሬዲዮን፣ ረጅሙ የኬሜል ቀጥታ። ስለ ስሞቹ አንድ ነገር ላንሳ። ብዙ ሰው ሽቅቡን ሁሉ ኦ ሩዥ ይለዋል። ኦ ሩዥ ግን ታች ያለችው የግራ ኩርባ ብቻ ናት። ስሟ ቀይ ውኃ ማለት ሲሆን ከሥሯ ከሚያልፈው ጅረት የመጣ ነው። ከዚያ በኋላ ሽቅብ ወደ ቀኝ፣ ጫፉ ላይ ደግሞ ወደ ግራ የሚታጠፈው ሬዲዮን ነው። ልዩነቱ ለእኛ ጥቅም አለው። በድምፅ መገናኛው “ኦ ሩዥ ላይ መኪና ቆሟል” ከተባለ ታች ነው ወይስ ጫፉ ላይ? ታች ከሆነ ይታይሃል። ጫፉ ላይ ከሆነ አይታይህም። ገጹ ላይ ሁለቱን ለይቼ ጻፍኩ። ሁላችንም አንድ ስም እንድንጠቀም ጠየቅኩ። የኩርባ ቁጥር መጠቀም ቀላል ይመስላል፤ ግን ለስፓ ኩርባ የሚቆጥር ሁሉ አንድ ዓይነት አይቆጥርም። ስም ይሻላል።

እሑድ፣ ስፓ፣ ከጓደኞቼ ጋር

አምስት ሆነን ገባን። ሁለት ሰዓት ሙሉ አንድ ነገር ብቻ ደጋገምን፦ መነሳት፣ አንድ ዙር መጨረስ፣ እንደገና መጀመር።

የጠበቅኩት ላ ሱርስ ላይ እንድንጋጭ ነበር። ከመነሻው ቅርብ ነው፤ ጠባብ ኩርባ ነው። እዚያ ግን ደህና አለፍን። ፍጥነቱ ገና ስላልተጠራቀመ ሁሉም ይጠነቀቃል። ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከላ ሱርስ ስንወጣ ሁላችንም ነዳጅ እንረግጣለን፤ ቁልቁል ጎን ለጎን እንወርዳለን፤ ታች ስንደርስ ሁለት መኪና ለአንድ መኪና በሚበቃው መስመር መግባት ይፈልጋል። ከአሥራ አንድ ሙከራ አራቱ ሬዲዮን ላይ አለቁ።

አንዱ ጓደኛዬ “እኔ እግሬን ከነዳጁ ካነሳሁ የኋላው ይገባብኛል” አለ። እውነቱን ነው። ስለዚህ ማን ማንሳት እንዳለበት መስማማት ያስፈልጋል። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ ኦ ሩዥ ስትደርሱ የፊት ጎማችሁ ከጎናችሁ ካለው መኪና በር ካላለፈ የምታነሱት እናንተ ናችሁ። ይህ በየትኛውም ትልቅ ሕግ ላይ በዚህ መልክ የተጻፈ አይደለም። የእኛ ስምምነት ነው። አሥር ጊዜ ሞከርነው። አሥሩንም ጊዜ በሰላም ወጣን።

ደግሞም የሚያነሳው ሰው ብዙ አያጣም። ኬሜል ረጅም ነው። ከፊት ያለው መኪና አየሩን ስለሚሰነጥቅልህ ከኋላው ተጠግተህ ከሄድክ በኬሜል መጨረሻ ያለው ኩርባ፣ ሌ ኮምብ ላይ ትደርስበታለህ። እኔ ራሴ ሬዲዮን ላይ አንስቼ ሌ ኮምብ ላይ ሁለት ጊዜ ቀድሜያለሁ። ይህን በደንብ አብራራሁት። ሰው አንድን ነገር ተው ሲባል በምትኩ ምን እንደሚያገኝ ማወቅ አለበት።

ሌ ኮምብ ላይ ያው የዛንድቮርት ችግር አለ። ተጠግተህ ስትመጣ ብቻህን ከምትደርስበት ፍጥነት በላይ ትደርሳለህ። ፍሬን ስትይዝ ደግሞ የመኪናህ ክንፍ ንጹሕ አየር ስለማያገኝ መኪናዋ ወደ መሬት የምትጫንበት ኃይል ይቀንሳል። ሰሌዳውም አይታይም። አዲሷ ተወዳዳሪ መፍትሔ አመጣች፦ “እኔ የምጠብቀው የቀኙን ከርብ ነው። ከፊቴ ባለው መኪና ጎን ብቅ ሲል እይዛለሁ።” ሞከርኩት። ለብቻ ለሚነዳ ሰው ቀደም ይላል። ተጠጋግቶ ለሚመጣ ግን ልክ ነው። እንዳለችው ጻፍኩት።

ፑሆን፣ ብላንሺሞን እና ባስ ስቶፕ የተባሉትን ኩርባዎች በሦስት በሦስት ዓረፍተ ነገር አለፍኳቸው። እዚያ ሰው የሚያጣው የሰከንድ ክፍልፋይ ነው እንጂ ውድድሩን አይደለም።

እሑድ ማታ፣ ከስፓ ውድድር በኋላ

ሃያ ሦስት መኪና ተነሳ። ሃያ ሦስቱም የመጀመሪያውን ዙር ጨረሱ። ሌ ኮምብ ላይ ሁለቱ ትንሽ ተነካክተው ቀጠሉ። ሬዲዮን ላይ ሁለት ጊዜ ሰው እግሩን ሲያነሳ በዓይኔ አየሁ። አዲሷ ተወዳዳሪ አሥራ ሰባተኛ ወጣች። እስከ መጨረሻው ሄዳ ስትገባ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

ረቡዕ፣ ሱዙካ

የዛንድቮርቱ ሦስተኛ ኩርባ ሁገንሆልትስ ይባላል ብዬ ነበር። ስሙ የጆን ሁገንሆልትስ ነው። ለብዙ ዓመታት የዛንድቮርት ዳይሬክተር ነበሩ። ሱዙካንም የነደፉት እሳቸው ናቸው። በ1962 ለሆንዳ የመኪና መፈተኛ ሆኖ ተከፈተ። 5.807 ኪሎ ሜትር፣ 18 ኩርባ። ቅርጹ እንደ 8 ቁጥር ነው፤ ትራኩ ራሱን በድልድይ ያቋርጣል። በዚህ የተነሳ የግራና የቀኝ ጎማዎች የሚደክሙት ተቀራራቢ በሆነ መጠን ነው። አብዛኛው ትራክ በአንድ አቅጣጫ ስለሚዞር የአንድ ወገን ጎማዎችን ቀድሞ ይጨርሳል።

ሱዙካ ላይ ያስቸገረኝ ነገር ሌላ ነው። እዚህ በመጀመሪያው ኩርባ መጋጨት ብቻ አይደለም የሚያሰጋው። ኤስ የሚባሉት ተከታታይ ኩርባዎች አሉ፦ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ። የመጀመሪያው ላይ ትንሽ ከፈጠንክ ሁለተኛው ላይ ትዘገያለህ። ሦስተኛው ላይ መስመር ትስታለህ። አራተኛው ላይ ሣር ውስጥ ነህ። ስህተቱ የተሠራው አንደኛው ላይ ነው፤ የሚታየው ግን አራተኛው ላይ ነው። ለዚህ ነው ሰው “አራተኛው ኩርባ ከበደኝ” የሚለው። ቴሌሜትሪውን (የመኪናዋን ፍጥነትና እንቅስቃሴ የሚመዘግበውን) ከፍቼ የራሴን ጥሩ ዙርና መጥፎ ዙር ደረብኳቸው። አንደኛው ኩርባ ላይ በሰዓት አምስት ኪሎ ሜትር ቀንሼ የገባሁበት ዙር ከአራቱ መጨረሻ ስደርስ ቀድሞ ነበር።

ቪዲዮውን ሦስት ጊዜ ቀረጽኩት፤ ሦስቱንም አልወደድኳቸውም። ዙሬ በጣም የተስተካከለ ነው። የሚያየው ሰው ምኑ እንደሚከብድ አያይበትም። በመጨረሻ አዲሷን ተወዳዳሪ ፈቃድ ጠይቄ የእሷን ዙር ወሰድኩ። ሁለተኛው ኩርባ ላይ ስትዘገይ፣ ሦስተኛው ላይ ስትሰፋ ይታያል። እዚያ ላይ አቁሜ “አሁን ስህተቱ የት እንደተጀመረ እንመለስና እንይ” ብዬ ወደ ኋላ መለስኩት። እሷም ድምፅዋን ጨመረችበት፦ “እዚህ ላይ የቸኮልኩት ከኋላዬ የሚመጣው ስለታየኝ ነው።” ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ከእኔ ሙሉ ገጽ ትበልጣለች።

ለመቅደም የሚሆኑት ቦታዎች ጥቂት ናቸው፤ በዋናነት የመጀመሪያው ኩርባ፣ ሄርፒኑ (ወደ ኋላ የሚመልሰው ጠባብ ኩርባ) እና መጨረሻ ላይ ያለው ሺኬን (ፍጥነት የሚቀንሱ ተከታታይ ጠባብ ኩርባዎች)። በ1989 የፎርሙላ 1 ተወዳዳሪዎቹ ፕሮስትና ሴና የተጋጩት ሺኬኑ ላይ ነው። በ1990 ደግሞ የመጀመሪያው ኩርባ ላይ። ሁለቱም ጊዜ የዓለም ሻምፒዮናው እዚያው ተወሰነ። ገጹ ላይ ያነሳሁት ለታሪክ ያህል አይደለም። ሁለቱ ቦታዎች ለመቅደም ይጋብዛሉ፤ ከውስጥ የሚገባው ሰው ቦታ ያለ ይመስለዋል፤ ከውጭ ያለው ደግሞ መንገዱን እየዘጋ ነው። 130አርን በአንድ መስመር አለፍኩት፦ ስሙ ከኩርባው 130 ሜትር ሬዲየስ የመጣ ነው፤ ብቻችሁን ከሆናችሁ ደስ ይላል፤ ጎን ለጎን ግን አትሞክሩት።

ሰኞ፣ ከሱዙካ በኋላ

የመጀመሪያው ዙር ላይ አንድ ግጭት ነበር፤ ሄርፒኑ ላይ። ገጹ ላይ ሄርፒኑን ለመቅደም ይሆናል ብዬ ጽፌ በቀዝቃዛ ፍሬን ግን አደገኛ መሆኑን አላስገባሁም። የእኔ ጉድለት ነው። ለባተርስት እያንዳንዱን የመቅደሚያ ቦታ “በመጀመሪያው ዙር” እና “ከዚያ በኋላ” ብዬ እከፍለዋለሁ።

ሐሙስ፣ ባተርስት

አውስትራሊያ፣ ማውንት ፓኖራማ። 6.213 ኪሎ ሜትር፣ 23 ኩርባ፣ ከታች እስከ ላይ 174 ሜትር። ውድድር በሌለበት ቀን የሕዝብ መንገድ ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ተወስኖበት ማንም ይነዳበታል። ዳሩ ላይ ቤት ያላቸው ሰዎች አሉ። ከ1938 ጀምሮ ይወዳደሩበታል።

ሁለት ትራክ ነው ብል አላጋነንኩም። ታች ያለው ሰፊና ቀጥ ያለ ነው። ላይ ያለው፣ ከካቲንግ እስከ ፎረስትስ ኤልቦ፣ በግድግዳ መካከል የሚሄድ ጠባብ መንገድ ነው። ስካይላይን ላይ ስትደርስ የሚታይህ ሰማይ ብቻ ነው። ከዚያ መሬቱ ከሥርህ ይጠፋል። ዲፐር ላይ ደግሞ ወደ ግራ እየታጠፍክ ትወርዳለህ። እዚያ አንድ መኪና መቆጣጠር አቅቶት ተሽከርክሮ ቢዞር መንገዱ ሙሉ በሙሉ ይዘጋል። ከኋላ የሚመጣው አያይም።

ብቻዬን ስነዳ ዘጠኝ ጊዜ ግድግዳ መታሁ። ግን የቱ ጋ ፍሬን እንደሚያዝ መጻፉ እዚህ ሁለተኛ ነገር ነው። ይህ የገባኝ አምስታችን ሆነን ስንሞክረው ነው። አንዱ ዲፐር ላይ ዞረ፤ አራታችንም አንድ በአንድ መጥተን ገጨነው። ማናችንም ፍሬን ለመያዝ ጊዜ አልነበረንም።

ስለዚህ የዚህ ትራክ ገጽ ከሁሉም አጭር ሆነ። ከላይ ሦስት ነገር ብቻ አለ። በመጀመሪያው ዙር ከካቲንግ እስከ ፎረስትስ ኤልቦ ማንም አይቀድም። ከፊታችሁ ካለው መኪና ጋር ከወትሮው ሰፋ ያለ ርቀት ያዙ። የቆመ ሰው ወዲያው በድምፅ ቦታውንና ወገኑን ይናገር፤ ስሙን አይደለም፣ ይቅርታም አይደለም፣ ቦታውንና ወገኑን። መቅደም የሚፈልግ ኮንሮድ አለለት። ረጅም ቁልቁል ቀጥታ ነው፤ መጨረሻው ላይ ቼዝ የሚባሉት ኩርባዎች አሉ። ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ እዚያ ይሞክር።

ዓርብ ሌሊት፣ ከጋራ ልምምዱ በኋላ

አሥራ ስምንት ሰው መጣ። አራተኛው ዙር ላይ አንድ መኪና ስካይላይን ጫፍ ላይ ዞረ። እኔ ሦስት መኪና ወደ ኋላ ነበርኩ። ጆሮዬ ውስጥ የአዲሷ ተወዳዳሪ ድምፅ መጣ፦ “ስካይላይን፣ ግራ ግድግዳ፣ ቆሜያለሁ።” እግሬን አነሳሁ። ከፊቴ ያሉት የፍሬን መብራቶች አንድ በአንድ በሩ። ጫፉን ስናልፍ መኪናዋ ግራ ግድግዳው ላይ ተሻግራ ቆማለች፤ ቀኝ በኩል የአንድ መኪና መንገድ አለ። በሰልፍ አለፍን። ማንም አልነካትም።

ልምምዱ እንዳለቀ ገጹን ከፍቼ ሦስተኛውን ነጥብ አንደኛ አደረግኩት። እሷ የተናገረችውንም እንዳለ በምሳሌነት ጨመርኩበት። አሁን ለሃያ አራቱም ላክሁት። እሑድ እንገናኝ።